ርቀትን በሰዓት መለካት፦ የገመድ አልባ ቦታ ጠቋሚ መረብ መሣሪያዎችን መገጣጠምና ማዋቀር

የሬድዮ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዛሬ የምንነጋገርበት ሥራ ሁሉ ከዚህች ቁጥር ስለሚነሣ ከወዲሁ ያዟት። በመጋዘን ወይም በአዳራሽ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ዕቃ የት እንዳለ በ10 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ማወቅ የፈለገ ሰው ሳያስበው ሰዓት ሠሪ ሆኗል፤ የሚለካው የናኖሰከንድ ሲሶ ነውና። ይህን የዘነጋ ሰው ውጤቱ ሲዘባረቅበት ስሌቱን ይጠረጥራል። ቀመር ይለውጣል፣ ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ ይደርባል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከስሌቱ በፊት ነው፦ መሣሪያው በተገጣጠመበት ጠረጴዛ ላይ፣ ቁጥሩ በተሞላበት ማዋቀሪያ ውስጥ፣ አለዚያም በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ። ስለዚህ ጊዜያችንን ለእነዚህ እንሰጣለን፤ ስሌቱን በአጭሩ እናልፈዋለን።

በመረቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። ተሰቅሎ ከቦታው የማይነቃነቀው፣ መገኛውም የታወቀው አንከር ነው። ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ወይም ሰው የሚይዘው ተንቀሳቃሹ ታግ ነው። ከታጉ እስከ እያንዳንዱ አንከር ያለው ርቀት ይለካል፣ ከርቀቶቹ የታጉ መገኛ ይሰላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰሌዳ ናቸው፤ የሚለዩት በተሞላባቸው ማዋቀሪያና በኃይል ምንጫቸው ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ብሉቱዝን ነው። በተለመደው አሠራር ብሉቱዝ ርቀትን የሚገምተው ከሲግናል ጥንካሬ ነው። ምንም በማይጋርድበት አየር ጥንካሬው በ6 ዴሲቤል ከቀነሰ ርቀቱ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ችግሩ፣ 6 ዴሲቤል ለማጣት አንድ ሰው መሐል መቆሙ ወይም ታጉ ኪስ ውስጥ መዞሩ ይበቃል፤ 5 ሜትር ላይ ያለውን ዕቃ 10 ሜትር ላይ ነው ይላችኋል። ዕቃው በየትኛው ክፍል እንዳለ ለማወቅ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ለማወቅ ግን አይሆንም። ወደ አልትራ ዋይድባንድ፣ ማለት በጣም ሰፊ የሬድዮ ክልል ወደሚጠቀመው አሠራር፣ የምንሄደው ለዚህ ነው። 500 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ሲግናል 2 ናኖሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይ አጭር ምት ይፈጥራል፤ በቀጥታ የመጣውን ምት ከግድግዳ ነጥሮ ከመጣው ለይቶ ለመያዝ የሚያስችለው ይህ አጭርነቱ ነው። ምሳሌ የማደርገው ብዙ ሠሪ የሚያውቀውን ዲደብሊው 1000 የተባለ የአልትራ ዋይድባንድ ቺፕ ነው። የቺፑ ሰዓት አንድ ምት 15.65 ፒኮሰከንድ ነው፤ ወደ ርቀት ሲለወጥ 4.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ በኋላ በቁጥር የምንቆጥረው ምት ይህ የሰዓት ምት ነው።

ሁለት ሰዓት እኩል አይሄድም

ቀላሉ የመለኪያ መንገድ እንዲህ ነው። ታጉ ጥያቄ ይልካል፣ አንከሩ ጥቂት ቆይቶ ይመልሳል። ታጉ ከጠቅላላው ጊዜ ላይ የአንከሩን ቆይታ ቀንሶ ለሁለት ያካፍላል። ያምራል፤ ነገር ግን ጠቅላላውን ጊዜ የቆጠረው የታጉ ክሪስታል (የሰዓቱን ምት የሚሰጠው ክፍል) ሲሆን ቆይታውን የቆጠረው የአንከሩ ክሪስታል ነው። በሁለቱ መካከል በሚሊዮን የ20 ልዩነት ቢኖርና አንከሩ ለመመለስ 1 ሚሊሰከንድ ቢወስድበት፣ 20 ናኖሰከንድ ይሳሳታል። ለሁለት ሲካፈል 10 ናኖሰከንድ፣ በርቀት 3 ሜትር። ባለሙያ ሳይሆን ክሪስታል ነው የተሳሳተው።

መድኃኒቱ ሦስተኛ መልእክት መጨመር ነው። ታጉ ይጠይቃል፣ አንከሩ ይመልሳል፣ ታጉ የራሱን ሦስት የጊዜ ማኅተሞች (መልእክት የሄደበትንና የደረሰበትን ሰዓት) አሽጎ መዝጊያ መልእክት ይልካል። ታጉ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ያለፈውን ዙ1፣ አንከሩ ለመመለስ የቆየውን ቆ1፣ አንከሩ መልሶ መዝጊያው እስኪደርሰው ያለፈውን ዙ2፣ ታጉ መዝጊያውን ለመላክ የቆየውን ቆ2 ብንላቸው፣

የጉዞ ጊዜ = (ዙ1 × ዙ2 − ቆ1 × ቆ2) ÷ (ዙ1 + ዙ2 + ቆ1 + ቆ2)

በዚህ ቀመር የክሪስታሉ ልዩነት የሚባዛው በቆይታው መሆኑ ቀርቶ በጉዞው ጊዜ ይሆናል። 30 ሜትር ማለት 100 ናኖሰከንድ ነው፤ በሚሊዮን 20 ሲሆን 2 ፒኮሰከንድ፣ ከአንድ ምት ያነሰ። ሁለቱ ቆይታዎች እኩል መሆንም አይጠበቅባቸውም።

ሌላው መንገድ ታጉ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያሰማና አንከሮቹ የሰሙበትን ጊዜ እንዲያነጻጽሩ ማድረግ ነው። የታጉን ባትሪ በእጅጉ ይቆጥባል፣ ብዙ ታግም ይሸከማል። ዋጋው ግን አንከሮቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት መሄድ አለባቸው፤ በመካከላቸው የምትፈጠር የ1 ናኖሰከንድ መዛነፍ 30 ሳንቲ ሜትር ሆና ትከፈላለች። ታጎቻችሁ በአሥሮች የሚቆጠሩ ከሆኑ በሦስት መልእክቱ ጀምሩ። ብዙ መቶ ታግ ሲመጣ ሁለተኛውን አስቡበት፤ ያን ጊዜም የመጀመሪያውን በደንብ የሠራ ሰው ነው የሚያልፍለት።

ቀመሩን ፕሮግራም ውስጥ ስታስገቡ ሦስት ጉድጓድ አለ። የመጀመሪያው፣ የቺፑ ሰዓት 40 ቢት ስለሆነ በየ17.2 ሰከንዱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መቀነሱ ይህን ካላገናዘበ በየ17 ሰከንዱ አንድ እብድ ርቀት ይወጣል፤ በመደበኛ ጊዜ እየተመላለሰ የሚመጣ ስሕተት ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ሁለተኛው፣ የ32 ቢት ፍሎት (ነጥብ ያለው የቁጥር ዓይነት) አትጠቀሙ። 5 ሚሊሰከንድ 320 ሚሊዮን ምት ያህል ነው፤ በዚህ መጠን ፍሎት መቁጠር የሚችለው በ32 ምት እየዘለለ ነው፣ ይህም የጊዜ ማኅተሙን በ15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ይቆራርጠዋል። ባለ 64 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ወይም ደብል (ባለ 64 ቢት ፍሎት) ያስፈልጋል። ሦስተኛው ስውር ነው። መዝጊያው መልእክት ወደፊት በተወሰነ ሰዓት እንዲሄድ ሲታዘዝ ቺፑ የትእዛዙን ታችኛ 9 ቢቶች አያያቸውም፤ የሚልከው በ512 ምት፣ ማለት በ8 ናኖሰከንድ ደረጃ ነው። መልእክቱ ውስጥ የምታሽጉት ጊዜ እነዚያ ቢቶች ዜሮ ተደርገው፣ የአንቴና መዘግየትም (ሲግናሉ ከቺፑ እስከ አንቴናው የሚወስድበት ጊዜ) ተደምሮበት መሆን አለበት። ይህ ከተረሳ ሁለቱ መሣሪያዎች ቆመው ሳለ ርቀቱ በግማሽ ሜትር ውስጥ ይዋልላል፣ ሰውም አንቴናውን መቀያየር ይጀምራል።

ሰሌዳው

ቺፑን ብቻውን ገዝቶ የአንቴናውን መስመር በራስ መንደፍ ይቻላል፤ የመጀመሪያ መረባችሁ ከሆነ ግን አትሞክሩት። አንቴናው፣ ክሪስታሉና ማጣጣሚያው አብረው የተሠሩበት ሞጁል ግዙ። ለአንድ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሞጁሉ፣ ማይክሮኮንትሮለር፣ የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር፣ ካፓሲተሮች፣ የፕሮግራም መጫኛ መሰኪያና የፕላስቲክ ሳጥን ነው። አንዳንድ ሞጁል ማይክሮኮንትሮለሩንም በውስጡ ይዟል።

ቮልቴጁ 3.3 ነው። በ5 ቮልት ከሚሠራ ማይክሮኮንትሮለር ጋር መስመሮቹን በቀጥታ ማገናኘት ቺፑን ያቃጥላል፤ የሚያሳዝነው ግን ወዲያው ላይቃጠል ይችላል፣ ለጥቂት ቀን ሠርቶ ነው የሚሞተው። የሪሴት መስመሩን ማይክሮኮንትሮለሩ ወደ ታች ብቻ ይጎትተው፤ ወደ ላይ አይግፋው። ሪሴት ካደረገ በኋላ ፒኑ ወደ ግብዓትነት ተመልሶ ይለቀቅ። ማይክሮኮንትሮለሩና ቺፑ በሚነጋገሩበት በኤስፒአይ መስመሩ ላይ ደግሞ ፍጥነት ሁለት ደረጃ አለው፦ ቺፑ እንደተነሣ፣ የውስጥ ሰዓቱ ገና ሳይረጋ፣ ከ3 ሜጋኸርዝ መብለጥ የለበትም፤ ከረጋ በኋላ እስከ 20 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ከመጀመሪያው በ8 ወይም በ10 የጀመረ ሰው የቺፑን መለያ ቁጥር አንዴ በትክክል፣ አንዴ በዜሮ እያነበበ ሽቦ ሲፈትሽ ይውላል።

የኃይል አቅርቦቱ ከሚገመተው በላይ ችግር ይፈጥራል። ቺፑ ሲቀበል ከ100 ሚሊአምፒር በላይ ይስባል፣ ያውም በድንገት። የሳንቲም ቅርጽ ያለው ትንሽ ባትሪ ይህን አይችልም፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ከፍተኛ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ማይክሮኮንትሮለሩም እንደገና ይነሣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ታጉ በዩኤስቢ ይሠራል፣ በባትሪ ግን መላክ በጀመረ ቁጥር ይጠፋል። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ ቢያንስ 300 ሚሊአምፒር የሚሸከም ሬጉሌተር፣ ከሞጁሉ የኃይል ፒን ሥር ደግሞ 47 ማይክሮፋራድና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን አድርጉ። ትልቁን ካፓሲተር ከሞጁሉ 5 ሳንቲ ሜትር አርቆ ማስቀመጥ ግማሽ ጥቅሙን መተው ነው።

አንቴናው ከሰሌዳው ጠርዝ ወጣ ብሎ ይቀመጥ። በዙሪያው በ10 ሚሊ ሜትር ውስጥ ብረት፣ ባትሪ፣ ብሎን፣ የመዳብ ንጣፍም እንዳይኖር። ሳጥኑ ከፕላስቲክ ይሁን፤ አንቴናውን አይንካው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት። አንዳንድ ጥቁር ፕላስቲክ ካርቦን የተቀላቀለበት ነው፤ የብረትነት ጠባይ ያለው ቀለምም አለ። ሁለቱም ሲግናል ይውጣሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሁለት መሣሪያ 5 ሜትር አራርቃችሁ በሳጥንና ያለ ሳጥን የተቀበላችሁትን ጥንካሬ አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 ዴሲቤል ካለፈ ሳጥኑን ቀይሩ።

የማይሰማሙ ቁጥሮች

ማዋቀሪያው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ቁጥሮች ጠባያቸው አንድ ነው፦ ሁለቱም ወገን ላይ አንድ ካልሆኑ መሣሪያዎቹ ምንም አይሰማሙም፣ የስሕተት መልእክትም አይመጣም። ዝም ብቻ። ቻናሉ፣ የምት ድግግሞሹ፣ የፕሪአምብል (ከመልእክቱ በፊት የሚላከው ማንቂያ ምልክት) ርዝመትና ኮዱ፣ የዳታ ፍጥነቱ፣ የመረቡ መለያ ቁጥር፤ እነዚህ ስድስቱ በመላው መረብ አንድ ይሁኑ። ለመጀመሪያ ሥራ የሚስማማው ቻናል 5፣ ማለት 6489.6 ሜጋኸርዝ፣ የምት ድግግሞሽ 64 ሜጋኸርዝ፣ ፕሪአምብል 128፣ ኮድ 9፣ ፍጥነት 6.8 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። በዚህ ጥምረት አንድ አጭር መልእክት አየር ላይ የሚቆየው 200 ማይክሮሰከንድ ቢሞላ ነው። ርቀት ሲያንሳችሁ ፕሪአምብሉን አስረዝሙ እንጂ ኃይሉን አታሳድጉ፤ በብዙ አገሮች የተፈቀደው በአንድ ሜጋኸርዝ −41.3 ዲቢኤም ብቻ ነው። ፕሪአምብሉ ሲረዝም ግን የአየር ጊዜውና የባትሪ ፍጆታው አብረው ያድጋሉ።

ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚለዩት ደግሞ የራሱ መለያ ቁጥር፣ የአንቴና መዘግየቱ፣ አንከር ከሆነም መገኛው ናቸው። እነዚህን ፈርምዌሩ (መሣሪያው ላይ የሚጫነው ፕሮግራም) ውስጥ ጽፎ ለ12 መሣሪያ 12 ዓይነት ፈርምዌር መጫን የማያልቅ ጣጣ ነው። ፈርምዌሩ አንድ ይሁን፤ የየመሣሪያው ቁጥሮች በፍላሽ ማኅደር ውስጥ ለብቻቸው ይቀመጡ፣ በተከታታይ መስመር በኩል ይነበቡ፣ ይጻፉ። መለያ ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ ከውጭም ይለጠፍ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ሳጥን መክፈት ደስ አይልም።

የአንቴና መዘግየት

አብዛኛው መረብ የሚበላሸው እዚህ ነው። የጊዜ ማኅተሙ የሚመታው ቺፑ ውስጥ እንጂ አንቴናው ጫፍ ላይ አይደለም። ሲግናሉ ከቺፑ እስከ አንቴናው፣ በተቀባዩም ከአንቴናው እስከ ቺፑ የሚወስድበት ጊዜ ርቀት ሆኖ ይቆጠራል። ጊዜው ትንሽ አይደለም፤ በመነሻነት የሚሞላው ቁጥር 16436 ምት ነው፣ ማለትም 257 ናኖሰከንድ ያህል፣ በመላክም በመቀበልም። ይህ ቁጥር ለሁሉም መሣሪያ በግምት ይሠራል፤ በትክክል ግን ለአንዱም አይሠራም። ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው የሚለየው በአሥሮች በሚቆጠሩ ምቶች ነው፣ አንዱ ምት ደግሞ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሆነ አይተናል።

መለካቱ ሦስት መሣሪያ ይጠይቃል። ሁለት ብቻ ከሆኑ ስሕተቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉንም በመነሻው ቁጥር ሙሏቸው። ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ በትክክል 7 ሜትር አራርቁ፤ ርቀቱ ከአንቴና እስከ አንቴና በሌዘር ወይም በብረት ሜትር ይለካ። ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ ይቁሙ፣ አንቴናዎቹ ፊት ለፊት ይተያዩ፣ በአካባቢው ትልቅ ብረት አይኑር፣ ሰው መሐላቸው አይቁም። ከኃይል ምንጭ ጋር ከተገናኙ በኋላ 10 ደቂቃ ይሙቁ፤ ክሪስታልም ቺፕም ሲሞቅ ይለወጣል። ከዚያ ለያንዳንዱ ጥንድ 1000 ልኬት ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ።

እንበልና በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል 7.30፣ በአንደኛውና በሦስተኛው 7.24፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 7.18 ወጣ። ትርፎቹ 30፣ 24 እና 18 ሳንቲ ሜትር ናቸው። የአንደኛው ድርሻ (30 + 24 − 18) ÷ 2፣ ማለት 18 ይሆናል፤ የሁለተኛው 12፣ የሦስተኛው 6። አንዱ ምት 0.469 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለአንደኛው 38፣ ለሁለተኛው 26፣ ለሦስተኛው 13 ምት በመነሻው ቁጥር ላይ ይጨመራል፤ ይኸው ቁጥር በመላኪያውም በመቀበያውም ሬጂስተር (ቺፑ ቁጥሩን የሚይዝበት ቦታ) ይገባል። ርቀቱ በዝቶ ከታየ መዘግየቱ ይጨመራል፣ አንሶ ከታየ ይቀነሳል። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ በኋላ የቀሩትን መሣሪያዎች ከአንዱ ጋር ብቻ እያጣመሩ ማስተካከል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ትርፉ ሁሉ የአዲሱ ነው።

ለምን 7 ሜትር? ስሕተቱ ከሚቀበሉት ጥንካሬም ጋር ይለዋወጣል። ሲግናሉ በጣም ጠንካራ ሲሆን ርቀቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ወደ አንድ ወገን፣ ሲደክም ወደ ሌላው ይሳባል፤ በቅርብና በሩቅ መካከል ያለው ጠቅላላ ልዩነት ከ10 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ያስተካከለ ሰው መረቡ በማይሠራበት ርቀት ላይ ነው ያስተካከለው። መሣሪያዎቻችሁ በብዛት ከሚሠሩበት ርቀት ጋር የሚቀራረብ ምረጡ።

እዚህ ላይ ስለ እንቅልፍ አንድ ነገር ልጨምር። ታጉ ባትሪ ለመቆጠብ ቺፑን ጥልቅ እንቅልፍ ያስተኛዋል። ሲነቃ የመቀበያው መዘግየት ተጠብቆ ይገኛል፣ የመላኪያው ግን ይጠፋል፤ በነቃ ቁጥር እንደገና መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ርቀቱ በአንድ ጊዜ 38 ሜትር ያህል ይዘላል። የመጀመሪያዋን ምት የሚፈልገው የቺፑ ውስጣዊ ኮድም በነቃ ቁጥር እንዲጫን መታዘዝ አለበት፤ ያለ እርሱ መልእክቱ በሰላም ይደርሳል፣ የደረሰበት ጊዜ ግን ትርጉም የለሽ ይሆናል።

መስቀልና መለካት

20 በ12 ሜትር የሆነ አዳራሽ እናስብ። አራት አንከር፣ በአራቱ ማዕዘን፣ በ2.5 ሜትር ከፍታ። አንቴናቸው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የታጉም እንደዚያው፣ አንዱ ቆሞ ሌላው ከተኛ ጥንካሬው በጣም ይወርዳል። ግድግዳው ላይ አትለጥፏቸው። ከኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ሲግናል ከቀጥተኛው በናኖሰከንድ ሲሶ ብቻ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ምቱ ራሱ 2 ናኖሰከንድ ስለሚቆይም ሁለቱ ይዋሐዳሉ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚያርቅ ክንድ አድርጉላቸው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነ 30 ይሁን።

መገኛቸውን ስትለኩ ከወለል ላይ በሜትር እየገመታችሁ አይሁን። በአንከር መገኛ ላይ የገባ የ10 ሳንቲ ሜትር ስሕተት በምንም ማጣሪያ አይጠፋም፣ ታጉ በዚያ አካባቢ ባለፈ ቁጥር አብሮት ይኖራል። አንዱን ማዕዘን ዜሮ አድርጉና በሌዘር ለኩ። ከዚያ ሰያፉን ለኩ፦ 20 በ12 ሆኖ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ 23.32 ሜትር መምጣት አለበት። ካልመጣ ወይ አዳራሹ ጠማማ ነው ወይ ልካችሁ። የመጨረሻው ማረጋገጫ አንከሮቹን እርስ በርስ ማስለካት ነው፤ አራት አንከር ስድስት ጥንድ አለው፣ ስድስቱም ከመገኛዎቹ ከሚሰላው በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መግጠም አለባቸው። በአንድ አንከር ላይ ያሉ ሦስቱም ጥንዶች ከሳቱ መገኛው ወይም መዘግየቱ ተሳስቷል። አንድ ጥንድ ብቻ ከሳተ መሐላቸው የሚጋርድ ነገር አለ።

የጋረደ ነገር ርቀትን ምንጊዜም ያስረዝማል፣ አያሳጥርም። ሲግናሉ ወይ ዞሮ ይመጣል፣ ወይ በግድግዳው ውስጥ እየዘገየ ያልፋል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ከ20 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ደረት ላይ የተንጠለጠለ ታግ ከጀርባ ያለውን አንከር ጨርሶ ላያየው ይችላል። ትከሻ ላይ ወይም ቆብ ላይ ማድረግ ይሻላል። ቺፑ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል፦ የጠቅላላ ሲግናሉ ጥንካሬ ከመጀመሪያው ምት ጥንካሬ ከ6 ዴሲቤል ባልበለጠ ከፍ ካለ መንገዱ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ከ10 ካለፈ ተጋርዷል ብላችሁ ልኬቱን አቅልላችሁ ተመልከቱ።

የአየር ጊዜና ባትሪ

ሁለት ታግ አብረው ከተናገሩ ሁለቱም አይሰሙም። ስለዚህ ለያንዳንዱ ተራ ይሰጠዋል። ከአራት አንከር ጋር የሚለካ ታግ አንድ ጥያቄ፣ አራት መልስ፣ አንድ መዝጊያ፣ በጠቅላላ ስድስት መልእክት ያስፈልገዋል። መልእክቱ አየር ላይ የሚቆየው ጥቂት ቢሆንም ማይክሮኮንትሮለሩ ለማንበብና ለመመለስ ጊዜ ስለሚወስድ ወደ 5 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ተራውን 10 ሚሊሰከንድ ብታደርጉት በሰከንድ 100 ተራ ይኖራችኋል፤ 10 ታግ በሰከንድ 10 ጊዜ፣ ወይም 100 ታግ በሰከንድ አንድ ጊዜ። ከዚህ በላይ ታግ ከጨመራችሁ መረቡ አይቆምም፣ እየተንቀራፈፈና እየዘለለ ይሄዳል እንጂ፤ ይህም ከመቆም ይብሳል፣ ምክንያቱን ለማግኘት ይከብዳልና።

ባትሪውም ከዚሁ ይሰላል። ታጉ በአንድ ልኬት 10 ሚሊሰከንድ ነቅቶ በአማካይ 60 ሚሊአምፒር ቢስብ፣ በሰከንድ አንዴ ሲለካ አማካዩ 0.6 ሚሊአምፒር ነው። 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 80 በመቶው ቢሠራ 28 ቀን ያህል ይቆያል። በሰከንድ 10 ጊዜ ካደረጋችሁት ከሦስት ቀን ብዙም አያልፍም። የቆመ ዕቃ በሰከንድ 10 ጊዜ መለካት የለበትም፤ ርካሽ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጨምራችሁ ሲነቃነቅ ብቻ ይንቃ።

ስሌቱ

በአንከሮቹ (0፣ 0)፣ (20፣ 0) እና (0፣ 12) መካከል ያለ ታግ 10፣ 16.12 እና 7.21 ሜትር ቢለካ፣ የመጀመሪያው መገኛ (10² − 16.12² + 20²) ÷ 40፣ ማለት 6 ይሆናል። ሁለተኛው (10² − 7.21² + 12²) ÷ 24፣ ማለት 8 ነው። ይኸው ነው። አራተኛው አንከር የሚጠቅመው ለማጣራት ነው፦ ሁለተኛው ርቀት በጋራጅ ምክንያት በ1 ሜትር ቢረዝም ታጉ ወደ 5.17 ይሸሻል፤ ከዚያ ቦታ እስከ አራተኛው አንከር 15.36 ሜትር መሆን ሲገባው አንከሩ የለካው 14.56 ነው። የ80 ሳንቲ ሜትር አለመግጠም ውሸታም እንዳለ ይናገራል፤ አንዱን እያወጣችሁ ስትሞክሩ የትኛው እንደሆነም ብዙ ጊዜ ይታወቃል።

ከፍታን አትርሱ። የሚለካው ርቀት ዘመም ያለው ነው። ታጉ ከአንከሩ በ1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ በወለል ላይ 2 ሜትር ቢርቅ ልኬቱ 2.5 ነው፣ የግማሽ ሜትር ልዩነት። 10 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መሐል ላይ ደህና ሆኖ አንከሮቹ ሥር የሚበላሽ መረብ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ተረስቶበት ነው። ማጣሪያ ስትጨምሩ ደግሞ የሚራመድ ሰው በ100 ሚሊሰከንድ ከ15 ሳንቲ ሜትር ብዙም እንደማይርቅ ይታወስ፤ በአንድ ልኬት 2 ሜትር የዘለለ ነገር በማለሳለስ አይስተካከልም፣ ይጣላል።

ከታዳሚዎች የተነሡ ጥያቄዎች

«ከፍታውንም እንዲነግረኝ አራት አንከር ጣሪያ ላይ ሰቅያለሁ፤ ከፍታው ግን ይዋልላል። ለምን?» አራቱም በአንድ ከፍታ ላይ ከሆኑ ከእነርሱ በታች 1 ሜትር ያለ ታግና በላይ 1 ሜትር ያለ ታግ አንድ ዓይነት ርቀት ይሰጣሉ፤ ስሌቱ መለየት አይችልም። ቢያንስ አንዱን፣ ቢቻል ሁለቱን ሰያፍ ተቃራኒ የሆኑትን ወደ ወለል አውርዱ፤ ልዩነቱ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ከፍታው የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን ታጉ የሚያዝበትን ከፍታ፣ ለምሳሌ 1.2 ሜትር፣ ቋሚ ቁጥር አድርጋችሁ ስጡት፤ ሁለቱ ቀሪ ልኬቶችም ይረጋሉ።

«ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ አንድ ቀን ርቀቶቹ መቋረጥ ጀመሩ፣ የተቀየረ ነገርም የለም።» በአካባቢው አዲስ የዋይፋይ ማሰራጫ ተተክሎ እንደሆነ እዩ። አዲሶቹ ዋይፋዮች የ6 ጊጋኸርዝ ክልልን ስለሚጠቀሙ ከቻናል 5 ጋር ይደራረባሉ፤ ኃይላቸውም ከእናንተ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ወይ ማሰራጫው ያንን ክልል እንዲተው ይዋቀር፣ ወይ አንከሩ ከእርሱ ይራቅ።

«ታዲያ ቻናል 9ን መጠቀም አይሻልም?» ይሻላል፤ ዲደብሊው 1000 ግን ቻናል 9ን አያውቀውም። ተከታዩ ዲደብሊው 3000 ቻናል 5ንና 9ን ብቻ ነው የሚያውቀው። አሮጌና አዲስ መሣሪያ የምትቀላቅሉ ከሆነ የሚገናኙት ቻናል 5 ላይ ብቻ ነው፤ በቻናል 2 የተተከለ አሮጌ መረብ ካላችሁ መጀመሪያ እርሱን ወደ 5 አዛውሩ። ቻናል ሲቀየር የአንቴና መዘግየቱም ስለሚቀየር እያንዳንዱ መሣሪያ ተወርዶ፣ በ7 ሜትሩ ማቆሚያ ላይ ቆሞ፣ እንደገና ይለካ።